ወደ ቤት የሚገቡ እግሮች

ታላቅ እህቴ የቆሸሸ ወለል አይታ ማለፍ አይሆንላትም። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ፣ ዛሬ የሀበሻ ሰፈር የሆነው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ገና አንድም የሀበሻ ምግብ ቤት ሳይከፈት፣ ሁለታችንም ተማሪዎች ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ማንም ሳያዛት የሕንፃውን ኮሪደር ትወለውል ነበር። «እትዬ፣ የእኛ ሥራ እኮ አይደለም፤ ጃኒተር አለው» ስላት፣ «እግሬ የሚረግጠው ሁሉ የእኔ ነው» ትለኛለች።

ከእኛ በር ትይዩ አዲስ ያገባች ሕንዳዊት ትኖር ነበር። ባሏ ኤርፖርት የማታ ፈረቃ ስለሚሠራ ሁልጊዜ የምታመሸው ብቻዋን ነው። ዲዋሊ የሚሉት የብርሃን በዓላቸው ሲቃረብ፣ መጋረጃ አውርዳ ስታጥብ፣ ግድግዳ ስትፈትግ፣ ወተትና ስኳር ስታንተከትክ ሰነበተች። እህቴ ጽዳቷን አይታ ወደደቻት።

የበዓሉ ዕለት አመሻሽ ላይ እህቴ ከትምህርት ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ነጭ ዱቄት አገኘች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መወልወያ አምጥታ ሙልጭ አደረገችው። እኔ የደረስኩት መወልወያውን ስትጨምቅ ነው። ያኔ የጎረቤታችን በር ተከፈተ። ከጠርሙስ ክዳን የሠራቻቸውን የዘይት ኩራዞች በትሪ ደርድራ ወጣች፤ እርጥቡን ወለል አየች፤ ትሪውን አስቀምጣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ለቅሶው ጋብ ሲልላት ነገረችን። ዱቄቱ የሩዝ ነው። በጡጫዋና በጣቶቿ ጫፍ እያተመች፣ ከደረጃው እስከ በሯ ትንንሽ እግሮች ሠርታበት ነበር። ላክሽሚ የምትባለው የሀብት አምላካቸው በእነሱ ተመርታ ክፍት በር ወዳገኘችበት ቤት ትገባለች።

«እናቴ ቤት ዛሬ መቆሚያ የለም፤ በሰው ተሞልቷል» አለች። «እኔ ቤት የሚገባ ሰው እንደሌለ ዐውቃለሁ። እግሮቹ እንኳ ይግቡልኝ ብዬ ነው።»

እህቴ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም። ዞራ ወደ ቤታችን ገባች፤ እኔም ያኮረፈች መስሎኝ አዘንኩባት። ዱቄት በትሪ ይዛ ተመለሰች። ተንበርክካ በጡጫዋ ብትሞክር የወጣላት እግር ሳይሆን ድፎ ዳቦ ነው። ተነሥታ ጫማዋን አወለቀች።

«እትዬ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«የተፈለገው እግር አይደል? እኔም እግር አለኝ።»

ደረጃው ጋ ቆማ አማተበች። «የምገባው ለጎረቤቴ ነው፤ አንተ ታውቃለህ» አለች ወደ ላይ ቀና ብላ። ከዚያ ዱቄቱን ረግጣ ቀስ እያለች መራመድ ጀመረች። እህቴ ጫማ የምትገዛው ከወንዶች ክፍል ነው። ያ የሚያህል እግር ኮሪደሩን ሞልቶት ሲሄድ ጎረቤታችን አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ «ግቢ፣ ግቢ» እላለሁ።

ልትወጣ ስትል ግን ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆመች፤ ወደ ውጭ የሚያመለክት የዱቄት እግር በረከቱን ይዞ ይወጣል አለች። በዚያው እራት በላን። ረቡዕ ስለነበር እህቴ የወተቱን ጣፋጭ ትታ በድንችና በሽምብራው በረታች። ሥጋ ጨርሶ እንደማይበሉ ስትሰማ፣ «ሶ፣ የእናንተ ሁዳዴ አያልቅም በይኛ» አለች። ስንሰነባበት ጎረቤታችን ውሃ በሳፋ አምጥታ እግሯን አጠበቻት። በእሷ ነገር ሰው እንዲገባባት የማትወደው እህቴ እግሯን ዘርግታ ታጠበች። ያን ጊዜ በጣም ወደድኳት።

በኋላ ባልና ሚስቱ በርባንክ የሚባል ከተማ ቤት ገዙ፤ ልጆች ወለዱ፤ ወዳጅ ዘመድ አፈሩ። አሁን በዲዋሊ ቤታቸው መቆሚያ የለውም። በየዓመቱ እህቴን ድራይቭ አድርጌ እወስዳታለሁ። ያ ሁሉ እንግዳ የሚገባው በጓሮ በር ነው። የፊት ለፊቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ዱቄቱ በትሪ ተቀምጦ፣ እህቴ እስክትደርስ ማንም አይረግጠውም። ጎረቤታችን ከውስጥ ቆማ፣ ያን ማታ ከእኔ ሰምታ በያዘቻት ብቸኛ የአማርኛ ቃል፣ «ግቢ» ትላታለች።