ስም ያልጠየቀ መርዶ

ለይኩን ሰገነትን የተዋወቃት አባቷን ገድሎ ነው።

ደነገጣችሁ? እኔም ደንግጬ ነበር። ሰው "እንዴት ተገናኛችሁ?" ሲላቸው ለይኩን ቶሎ ብሎ "ቤተ ክርስቲያን" ይላል፤ ሰገነት ደግሞ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ትነክሳለች። ውሸታም! ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖሮ እስከ ዛሬ ያፍራል። እኔ ትርሲት ግን እዚያው ነበርኩና እውነቱን እናገራለሁ።

ያኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ "ሊትል ኢትዮጵያ" የሚለው ሰሌዳ ገና አልተተከለም። እኔ እዚያው ሬስቶራንት ውስጥ እሠራለሁ፤ የምኖረው ኮሪያታውን፣ አንዲት ክፍል ተጋርቼ ነው። አብራኝ የነበረችው ሐና ሥራ አግኝታ ኖርዝ ሆሊውድ ስትገባ፣ አልጋዋን በዲቪ የመጣችው ሰገነት ያዘችው። ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ ለማንም የተነገረ ነገር የለም።

አንድ እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሰገነት የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ከፈተች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ተክለብርሃን ጥቁር ኮት ለብሰው ቆመዋል፤ እትዬ ዝማሬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው አንድ ቀጭን ወጣት የታክሲ ቁልፍ ጨብጦ አንገቱን ደፍቷል።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉ ጋሽ ተክለብርሃን። "አባትሽ አርፈዋል።"

የሰገነት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። "አባዬ!" ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። እኔ ውኃ ላመጣ ሮጥኩና ባዶ ብርጭቆ ይዤ ተመለስኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሕንፃው ያለ ሐበሻ ሁሉ ክፍላችን ውስጥ ታጨቀ። አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ሻይ ይዞ መጣ፤ ያ ቀጭን ልጅ እንኳ ጥግ ቆሞ ያለቅሳል።

በኋላ ጋሽ ተክለብርሃን ለፍትሐቱ ብለው "የአባትሽ የክርስትና ስም ማነው?" አሏት።

"አላውቀውም" አለች እያነባች። "ስዩም ነው የምንላቸው።"

ሽማግሌው ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ። አነበቡት፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡት።

"የሞቱት አቶ ሀይለገብርኤል ናቸው" አሉ በቀስታ። "ልጄ... አንቺ ሐና አይደለሽም እንዴ?"

ዳቦ የጎረሰው ሰው ማላመጡን ተወ።

መርዶ ነጋሪ በር ላይ ቆሞ "እገሊት አንቺ ነሽ?" ብሎ አይጠይቅም፤ ከጠየቀ ሳይነግራት ይገድላታል። ስለዚህ የሚያውቃትን ሰው ይዘው መምጣት ነበረባቸው። ያ ሰው ቀጭኑ ባለታክሲ፣ ለይኩን ነበር። ሐናን ከኤርፖርት ያመጣኋት እኔ ነኝ፣ ቤቷንም መልኳንም አውቃለሁ ብሎ ምሎላቸዋል። በሩ ሲከፈትም "እሷ ናት" ብሎ በአገጩ ጠቆማቸው። ለካ ሐናን ያያት በመኪናው መስተዋት፣ ያውም ሻርፕ ተከናንባ ነው!

ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩበት። ግንባሩን አገኘሁት። "ሶሪ፣ ሶሪ" ይላል፤ ሌላ ቃል የጠፋበት ይመስል።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሄደው ለሐና ነገሯት። እንደሰማሁት፣ ደንቡን ትተው በር ላይ ሦስት ጊዜ ስሟን ጠየቋት።

የእኛ ቤት መከራ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሰገነት አላመነችም። "እንዳልሞት ፈርታችሁ ደበቃችሁኝ" አለች። ምን ይፈረድባታል? እኛ ሐበሾች ሞት ስንደብቅ ነው የኖርነው። "ድምፃቸውን ካልሰማሁ እህል አልቀምስም" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጋሽ ስዩም ያሉት ወልድያ ነው፤ ስልክ ያለው ጎረቤታቸው ሱቅ፣ መስመሩም እንቢ ብሏል።

ለይኩን ታክሲውን አቁሞ የስልክ ካርድ በእቅፍ ይዞ መጣ። ላባርረው ስነሳ "እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ እኔው አስነሳቸዋለሁ" አለኝ። ሦስት ቀን ደወለ። ጣቱ አበጠ። እኔም ንዴቴ አልቆ ሻይ ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን መስመሩ ገባ። ባለሱቁ ጋሽ ስዩምን ጠራቸው። ሰገነት ስልኩን ነጥቃ ድምፃቸውን ስትሰማ ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዋ፤ ለይኩን መልሶ ተቀበላት። ጋሽ ስዩም ሲጮሁ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ምንድነው ልቅሶው? ማን ሞተ?"

"እርስዎ፣ ጋሼ" አለ ለይኩን።

በድንጋጤ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ሰገነት፣ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰችው ልጅ፣ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ካርድ ይዞ ይመጣል። ሰገነት ትደውላለች፣ አባቷ መኖራቸውን ታረጋግጣለች፣ ከዚያ ፌርፋክስ ወስዶ ቁርስ ያበላታል። ቁርሱ እየዋለ ምሳ ሆነ። አንድ ቀን ፒኮ ጎዳና ላይ ፓርክ አደረገና፣ "ሰጉ፣ ካርድ ሳልይዝም ልምጣ?" አላት። "ና" አለችው። በዓመቱ ተጋቡ።

ጋሽ ስዩም ከሞቱ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ሞባይል ሲገዙ ቁጥሩን መጀመሪያ የሰጡት ለለይኩን ነው። "ገዳዬ" እያሉ ይጠሩት ነበር።

የእውነቱ ቀን ሲመጣ፣ ወንድሟ የደወለው ለለይኩን ነው። ለይኩን እኔ ቤት መጣ። "ትርሲት፣ አንቺ ንገሪያት። እኔ ሁለተኛ አልችልም" አለኝ። እኔም ፈራሁ፤ ታምነኝ ይሆን?

ጎህ ሲቀድ ጥቁር ለብሰን ሚድ ሲቲ ቤታቸው ሄድን። ሰገነት ከመኝታ ቤት ወጣች። አየችን። የተሰናዳሁበትን ቃል ልጀምር አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን እኔን አላየችም፤ ለይኩንን ነው ያየችው።

"ደውልልኝ" አለችው።

"ሰጉ..."

"ተሳስታችሁ ይሆናል። ደውልልኝ።"

ለይኩን ስልኩን አወጣ። የአባቷን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። ደወለና ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ወልድያ ላይ ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ማንም አላነሳውም።

"ዛሬ አያነሱም" አላት ለይኩን።

ያን ጊዜ ነው ያመነችው። ደረቱ ላይ ወደቀች፤ እኔም በሩን ዘጋሁ።