የጀልባ ጎረቤቴን ያጎረስኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ... አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጀልባችን አጠገብ መጥቶ ቆመ።

የት እንደነበርን ላስረዳ። ልጄ ሶስናና ባሏ ጀልባ ገዝተዋል። ጀልባ ስል መርከብ እንዳይመስላችሁ፤ ከምንኖርበት ከኮንየርስ ከተማ የመጣንባት ቫን ትበልጣታለች። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ካለው ሐይቅ ዳር ጀልባዎች ተደርድረው የሚቆሙበት ማሪና አለ። እዚያ ፓርክ አድርገን ልናድር ነው የሄድነው። በጀልባና በጀልባ መሀል ያለው ክፍተት አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ካልጋህ ሳትነሳ «ይማርህ» ትለዋለህ።

ሶስና ገና መንገድ ላይ አስጠንቅቃኝ ነበር።

«አባዬ፣ እዛ ሩል አለ። ሞተር ይጠፋል፣ ሙዚቃ ሎው ይደረጋል፣ ሳይፈቀድልህ ደግሞ የሰው ጀልባ ላይ አትወጣም። ፕሊስ!»

«ሐይቅ ነው ወይስ ገዳም?» አልኳት።

ሥጋው መጠበስ ሲጀምር ስፒከሩን ለቀቅኩት። የሰርግ ዘፈን... ከነከበሮው። ትከሻዬን እየነቀነቅኩ ሳለሁ ነው እንግዲህ ሽማግሌው የመጣው።

«ይቅርታ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ድምፁን ብትቀንሱልኝ...» አለ በቀስታ።

ከጠዋት ጀምሮ ብቻውን ተቀምጦ ስላየሁት ሰው የናፈቀው መሰለኝ። ደግሞስ በምግብ ሰዓት ደጅህ የቆመን ሰው መጀመሪያ ታጎርሰዋለህ፣ ጉዳዩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

«መጀመሪያ ብላ!» ብዬ እጁን ሳብኩና ጥብሱን በአዋዜ አጥቅሼ አጎረስኩት። ሳይውጥ ደገምኩት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል!»

ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አዋዜው ጨረሰው!» ብዬ ማሪናው እስኪሰማ ሳቅኩ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ አፉን በመሐረብ ጠረገ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ድምፁን መቀነሱን ረሳሁት... ኧረ አልረሳሁትም። በሁለት ጉርሻ ያባበልኩት መስሎኝ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከአማቼ ጋር እየተሳሳቅን ሳለ ሶስና ሮጣ መጥታ ስፒከሩን ዘጋችው።

«አባዬ፣ ኧረ እያቸው!»

ጎረቤታችን ጀልባ ላይ አምስት ስድስት ሰዎች ቆመዋል። አንዲት ሴት ከወረቀት እያነበበች ታለቅሳለች። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል። ሽማግሌው ነጭ አበባ አንድ በአንድ ውሃው ላይ ይጥላል። ዘፈናችን ጠፍቶ እኛ የሰማነው መጨረሻ ላይ «አሜን» ሲሉ ብቻ ነው።

የሚስቱ ሙት ዓመት ኖሯል። እዚያች ጀልባ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበር አሉ።

በዕድሜዬ ለቅሶ ቤት አስፈቅጄ ገብቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ጀልባው ጠርዝ ጋ ቆሜ «ልግባ?» አልኩ። እጁን ዘረጋልኝ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። የኔ እንግሊዝኛ ለቀልድ እንጂ ለሐዘን አይበቃም።

እንደምንም «ምነው ሳትነግረኝ?» አልኩት።

«ልነግርህ ነበር የመጣሁት» አለ ሳይቆጣ። «ከዚያ አፌ ሞላ።»

ስታነብ የነበረችው ልጁ ናት። ቪዲዮውን የቀረጹት ለወንድሟ ነበር፤ ወታደር ነው፣ ባሕር ማዶ ስላለ መምጣት አልቻለም። አብረን ከፈትነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ የሚሰማው ግን ከበሮ ነው... ከከበሮው በላይ ደግሞ የኔ ሳቅ።

«እባክሽ ልጄ፣ እንደገና አንብቢውና ይቀረጽ» አልኳት።

ወደ ውሃው አየች። «አበባው ሄዷል እኮ» አለችኝ። «ይሁን፣ እንዲሁ እልክለታለሁ።»

እስከ ዛሬ ሳቄ ሰው የሚያጫውት ይመስለኝ ነበር... አሁን አንድ የማላውቀው ወታደር እናቱን ሊያለቅስ ቪዲዮውን በከፈተ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው እኔን ነው።