ሐሙስ የገባው ደብዳቤ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። እናንተ አታውቁኝምና ስሙኝ።

በዚያ በግምገማው ዘመን ቦንጋ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤ ገባ። ጁባ ሁከቱ እየባሰ ስለሆነ እዚያ ያሉ ዜጎችና ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ቶሎ እንዲወጡ፣ ለቤተሰብም እንዲነገር ይላል። መዝግቤ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል። እሳቸው ፈርመው ያልመሩት ደብዳቤ ደግሞ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

ቅዳሜ ገበያ ላይ እትዬ ወርቄን አገኘኋቸው። ከማንኪራ ጫካ የሚመጣ ማር ይሸጣሉ፤ አንድ ልጃቸው ገረመው ጁባ ሱቅ አለው። እጄን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ይደውላል። ልምጣ ወይስ ልቆይ ይለኛል። ቢሮ የሰማችሁት ነገር አለ እንዴ?» አሉኝ።

«ምንም የመጣ ነገር የለም፣ እትዬ» አልኩ።

እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ለምን? ከወር በፊት «የቢሮ ወሬ ታወጣለህ» ተብዬ ተገምግሜ ነበር፤ ፈራሁ። ግን በዚያ ሁሉ የገበያ ጫጫታ መሀል በጆሯቸው «ይምጣ» ብላቸው ማን ይሰማኝ ነበር? አንዲት ቃል እኮ ናት። አፌም እንደ ወንበሩ የመንግሥት ንብረት መሰለኝ።

ሰኞ ኃላፊው መጥተው መሩት፤ እኔው ለጠፍኩት። ገረመው የሚደውለው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ከዚህ የሚደወልለት ስልክ አልነበረውም። ረቡዕ ሱቁን ሲዘርፉ ገደሉት።

ለቅሶው ላይ እትዬ ወርቄ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ቆይ ያልኩት እኔ፣ ያስቀረሁት እኔ» ይሉ ነበር። ሰው ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይላቸዋል። እኔም አብሬ «ቀኑ ደርሶ ነው» አልኳቸው። ከገበያው ውሸት ይልቅ ይሄኛው ያንገበግበኛል።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ አልልም። ደንቡ ነው አልልም። እትዬ ወርቄ ዛሬም አሉ፤ አርጅተዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ተደግፈው ይሄዳሉ። «አንተ ምን አጠፋህ፣ ያወቅኸውን ነገርከኝ» ይሉኛል።

የናንተን ይቅርታ አልፈልግም። መጀመሪያ ለሳቸው፣ «እትዬ፣ ደብዳቤው ሐሙስ ገብቶ ነበር» ማለት አለብኝ። በሚመጣው እሑድ እነግራቸዋለሁ። ባለፈውም እሑድ እንዲሁ ብዬ ነበር።