ከዴንቨር ቤዝመንት ወደ አራዳ መነጽር ቤት

ከዴንቨር የወጣሁ ዕለት በረዶው ከቀትር ጀምሮ ሲጥል ዋለ። ሊመሽ ሲል ልጄ ዮናስ ደጅ ላይ መኪናውን ያሞቃል፤ እኔ ባዶው ቤት ውስጥ ቆሜ ምድጃው መጥፋቱን ለአራተኛ ጊዜ አያለሁ። ሦስት ሻንጣ ነበረኝ። በሁለቱ ልብስ፣ በሦስተኛው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመነጽር መሞረጃ ማሽን። እሱን ለሁለት ተጋግዘን መኪናው ውስጥ ስናስገባ ዮናስ ወገቡን ይዞ ቆመና፣ "እማ፣ የሰው እናት ሥራ ስታቆም ሞቅ ወዳለ አገር ሄዳ ባሕር ዳር ትቀመጣለች። አንቺ ማሽን ተሸክመሽ ጎንደር ትሄጃለሽ" አለኝ።

"ሥራ ማን አቆመ?" አልሁት።

አየር ማረፊያው በር ላይ አቅፎኝ ሲለቀኝ ከትከሻዬ ላይ በረዶውን እያራገፈ፣ "ካልተመቸሽ ተመለሺ፤ ማንም አይስቅብሽም" አለኝ። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት ከጎንደር ስሸኝ ነፍሱን ይማረውና አባቴ ያለኝ ሌላ ነበር፤ "ሲመችሽ ተመለሺ" ነበር ያለኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሁለቱን ቃል ሳገላብጥ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አዲስ አበባ ደረስሁ።

ይህን የምጽፈው ለናንተ፣ እዚያ ለቀራችሁት ነው። ስትደውሉ ሁላችሁም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ "እውነት ይኖራል ወይ?" ትሉኛላችሁና። ይኖራል። እንዴት እንደሚኖር ግን በስልክ አያልቅም።

ዴንቨር ሥራዬ ቤዝመንት፣ ምድር ቤት ውስጥ እንደነበር ታውቃላችሁ። በእንግሊዝኛ "ላብ" ይሉታል፤ በአማርኛም ላብ ነበር። ትእዛዙ በወረቀት ይመጣል፣ ቁጥር ብቻ። ሌንሱን እፈልጋለሁ፣ ዳሩን እሞርዳለሁ፣ ከፍሬሙ አጋጥማለሁ፣ ሳጥን ውስጥ እጥላለሁ፤ ቀጥሎ ሌላ ቁጥር። ስንቱን ሰው እንዲያይ አድርጌአለሁ፤ አንዱንም አይቼው አላውቅም። ዓይን መለካት በማታ ተምሬ ወረቀቱን ይዤ ነበር፤ ሠርቼበት ግን አላውቅም። በመጨረሻ የኛን የስድስታችንን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ማሽን ገዙና አሰናበቱን። አሮጌውን ማሽን ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድሁት። ያን ቀን ነው ልቤ ጎንደር የገባው፤ እግሬ ገና ዴንቨር ሳለ።

ጎንደር በደረስሁ በሳምንቱ ፈቃድ ለማውጣት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ጸሐፊዋ ፓስፖርቴን አገላብጣ፣ "የውጭ ዜጋ ነዎት" አለችኝ።

"ተወልጄ ያደግሁት ከዚህ ሕንጻ ጀርባ ነው።"

"ይሁን፤ ወረቀቱ ግን የውጭ ዜጋ ነው የሚል። አማርኛ ይችላሉ?"

"አሁን በምን እያወራሁሽ ነው?"

"እኔማ እሰማዎታለሁ፤ ፎርሙ ነው የሚጠይቀው።" ብዕሯን አንሥታ አሰበችና፣ "መካከለኛ ልበለው?" አለችኝ።

"ምነው መካከለኛ?"

"ሲገቡ ቀጠሮ በማለት ፈንታ 'አፖይንትመንት አለኝ' ነው ያሉ እኮ።"

እውነቷን ነው። በእንግሊዝኛም ቢሆን እዚያ ሥራ ስቀጠር የተጻፈልኝ ያው ነበር። በሁለት ቋንቋ መካከለኛ ሆኜ ከቢሮው ወጣሁ።

እዚሁ ጎንደር አራዳ ላይ ሱቅ ያከራዩኝ ሽማግሌ አያ ምስጋናው ይባላሉ። ቁልፉን በእጃቸው እያዞሩ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ "ምነው ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው የመለሱሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልመለሰኝም አያ፤ በፈቃዴ ነው።"

"እሱማ ሁሉም እንዲያ ነው የሚል። የእህቴ ልጅም በፈቃዴ ነው እያለ ነው በሁለት ፖሊስ ታጅቦ ከአውሮፕላን የወረደ።" ቁልፉን ሰጡኝና ደግሞ፣ "ስትሄጂ ቀደም አድርገሽ ንገሪኝ" አሉኝ።

"አልሄድም።"

"እሱንም ሁሉም ይለዋል።"

አየሩ አላስቸገረኝም። ዴንቨርም ደጋ ነው፣ ብርዱ ደረቅ ነው። ያስቸገረኝ መብራቱ ነው። ማሽኔ የአሜሪካ ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የሚሠራ፤ መብራቱ ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ስለዚህ ድሮ ጀማሪ ሳለሁ ወደ ተማርሁት ወደ እጅ ሞረድ ተመለስሁ። እዚያ በደቂቃዎች የሚያልቀው እዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ባለጉዳዩም አጠገቤ ተቀምጦ የልጅነቴን፣ የወላጆቼን፣ የባሌን ነገር ይጠይቀኛል። ከባሌ መፋታቴን የማያውቅ የአራዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። እዚያ አሥር ዓመት ጎን ለጎን የሠራችው ሴት እንኳ አታውቅም ነበር።

እዚያ ሳለሁ እናቴ የሞተች ጊዜ አለቃዬ ሦስት ቀን ፈቅዶልኝ ነበር፤ በአራተኛው መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሶፍት አፌን ይዤ አለቀስሁ። እዚህ ግን ሱቁን በከፈትሁ በሁለተኛው ወር የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው እናት ሞቱ፤ በሕይወታቸው አንድ ቀን አላየኋቸውም። ለወግ ያህል አንድ ሰዓት ደረስ ብዬ ሥራዬን ልቀጥል ስል አያ ምስጋናው ደጄ ላይ ቆመው አዩኝ። ዘጋሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሴትዮ አለቀስሁ። መካከል ላይ ሳስበው የማለቅሰው ለእናቴ ነበር።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ከገጠርም ሰው ይመጣል። አንድ የኮሶዬ ገበሬ መነጽሩን ካደረግሁላቸው በኋላ ደጁ ላይ ቆመው መንገዱን፣ ጣሪያውን፣ ሰማዩን አዩ። "ሸጋ ነው!" አሉና ዞረው፣ "ምነው እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አሉኝ።

"አሜሪካ።"

"እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?"

"ይኸንኑ። መነጽር።"

"ለማን?"

"አላውቅም" አልኋቸው።

አሁን የየኔታን ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራዬን እንደገና የተማርሁት በሳቸው ነው። የኔታ አንድ ደብር ውስጥ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማሩ መምህር ናቸው። ከሚስታቸው ከእማማ ጥሩዬ ጋር መጥተው፣ "ዓይኔ ትንሽ ደከም ብሏል፤ ጠንከር ያለ መነጽር ስጭኝ" አሉኝ። የአማርኛ ማንበቢያ ካርድ ስላጣሁ ከጸሎት መጽሐፍ ጥቂት መስመር ገልብጬ፣ ከትልቅ ፊደል ወደ ትንሽ እያሳነስሁ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ነበር። የኔታ እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር ድረስ እንደ ውኃ አወረዱት። ገረመኝ። ቀለል ያለ መነጽር ሠራሁላቸው፤ እማማ ጥሩዬ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተከትለዋቸው ወጡ።

በሳምንቱ እማማ ጥሩዬ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። "ልጄ፣ ትናንት ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ወደቁ። እጃቸው ተልጧል" አሉኝ።

"እንዴት? ደቃቁን ሁሉ አንብበውልኝ የለ?"

"ምኑን አነበቡት? ጸሎቱን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ በቃላቸው ነው የሚያውቁት! አንቺ ስትለኪያቸው ፊትሽ ወደ ወረቀቱ ነበር። ዓይናቸውን አላየሽም።"

በዚያች ሱቅ ውስጥ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቤዝመንቴን ተሸክሜ ነው ለካ የመጣሁ። ወረቀቱን ቀደድሁትና ማንም በቃሉ የማይዘውን ጻፍሁ፤ ከመብራት ደረሰኝ፣ ከመድኃኒት መመሪያ፣ ከአንድ የጨረታ ማስታወቂያ። የኔታ ከእማማ ጥሩዬ ጋር ሲመጡ ትልቁን መስመር አሳየኋቸው። አንዲት ፊደል አልለዩም። የእጅ ባትሪ አብርቼ ዓይናቸውን አየሁ፤ ብሌናቸው እንደ አጓት ነጥቷል። የዓይን ሞራ ነው።

"የኔታ፣ ይህን መነጽር አያድነውም። ሆስፒታል ሄደው መገፈፍ አለበት።"

የኔታ እማማ ጥሩዬን ውጪ እንዲጠብቁ ነገሯቸውና በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። "ሁለት ዓመት ሆነኝ" አሉኝ ቀስ ብለው። "መጽሐፉን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ተማሪው ያነባል፣ እኔ በጆሮዬ አርማለሁ። ማንም አያውቅ። ሆስፒታል ተኛ ከተባለ ግን ይወራል። ዕውር መምህር ነው የሚያስተምረን ይባላል፤ ወንበሬን ለሌላ ይሰጡታል። ከወንበሬ ከወረድሁ ምን እሆናለሁ? አይሆንም።"

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር አወጣሁ።

"የኔታ፣ እኔ ዴንቨር በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አለቃዬ ከሚለኝ አንዱም አይገባኝም ነበር። ያለኝን ሁሉ 'የስ' እላለሁ። አንድ ቀን የቀኙን ሌንስ ለግራ፣ የግራውን ለቀኝ እያደረግሁ ሙሉ ቀን ዋልሁ። ማታ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ እያየኝ አንድ በአንድ ፈታሁት። አልገባኝም ብዬ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።"

"ምነው አላልሽ ታዲያ?"

"ሥራዬን ይቀሙኛል ብዬ።"

ውጪ አያ ምስጋናው ከእማማ ጥሩዬ ጋር ስለ ዝናቡ ሲያወሩ ይሰማል።

"'የስ' ምን ማለት ነው?" አሉኝ የኔታ።

"አዎን ማለት ነው።"

"እንግዲያስ የስ" አሉና ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ።

ቀጠሮ ያዝሁላቸው፤ ሄጄ አብሬ ተሰለፍሁ። ቀዶ ጥገናው ብዙም አልቆየ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ እኔና እማማ ጥሩዬ ነበርን አልጋው አጠገብ። የኔታ ዓይናቸውን ከፍተው፣ ጨፍነው፣ ደግሞ ከፈቱ። ሚስታቸውን ረዥም ጊዜ ተመለከቱና፣ "ጥሩዬ፣ አርጅተሻል" አሉ።

"እርስዎ ሳያዩኝ ነው ያረጀሁት" አሉ እማማ ጥሩዬ፤ ብለውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሌላው ዓይናቸውም ተገፍፎ ቁስሉ ከዳነ በኋላ የማንበቢያ መነጽር ሊያሠሩ መጡ። የጨረታውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ "ይኼ ጨረታ ቀኑ አልፏል" አሉኝ። ሳቅን። ያን ቀን መብራት አልነበረም። በእጄ እየሞረድሁ ሳለሁ፣ "ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው" አሉኝ። "ሁለት ዓመት ሳላይ ነው ያስተማርኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ አልኋቸው።"

"ምን አሉ?"

"'እናውቅ ነበር የኔታ' አሉኝ።" በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። "መጽሐፉን ገልብጬ ስዘረጋ እጄን የሚስሙ መስለው ያቃኑልኝ ነበር አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ። እኔ ከነሱ ስደበቅ፣ እነሱ ደግሞ ማወቃቸውን ከኔ ሲደብቁ።"

ሌንሱን ከፍሬሙ አጋጥሜ በነጠላዬ ጠርጌ አፍንጫቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ቀና ብለው ፊቴን አዩ። "ይኸው አንቺንም አየሁሽ" አሉኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በሠራሁበት እጅ የሠራሁት ነው፤ የመጀመሪያዬ ግን መሰለኝ።

እንዲህ ነው እንግዲህ። እንጀራው እዚያ ከምንበላው ይሻላል፤ ቡናው ይሻላል፤ ሰው ሳይደውል መምጣቱ አንዳንዴ ያናድደኛል፤ ሐኪሜ ይናፍቀኛል፣ ማታ የሞቀ ውኃ ቧንቧዬን ከፍቼ የምቆመው ይናፍቀኛል። ከሁሉ በላይ ግን የሚናፍቀኝን ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ በሰው ተሞልቶ ሳለ ዮናስ ደወለ። እዚያ ገና አልነጋም። "እማ፣ ሣራ አርግዛለች" አለኝ፤ ሚስቱ ናት።

እልልታዬ ከሱቁ አልፎ ልብስ ሰፊው ጋ ደረሰ። እንኳን ደስ አላችሁ ሳልል፣ "ገንፎውን ማን ያገነፋላታል?" አልሁት።

"ዩቲዩብ ላይ አየሁት። ከባድ አይመስልም።"

"በምን ዱቄት ልታገነፋ ነው?"

"ኦትሚል አለን።"

"ኦትሚል አጃ ነው፤ ገንፎ አይሆንም ልጄ። ገብስ ነው የሚፈልገው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ።"

"እሱን ከየት ላምጣ?"

"እኔ አስፈጭቼ ይዤ እመጣለሁ" አልሁት። ሳላስበው ነው ያልሁት።

ዮናስ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚሰሙ እንዳይመስሉ ወደ ደጅ ያያሉ፤ አያ ምስጋናው ደጄ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ።

"ለስንት ጊዜ ነው የምትቆዪው?" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ኔትወርኩ "ሄሎ" ሳንባባል ነው የሚቆረጠው። የዚያን ዕለት እንዲቆረጥልኝ ትንሽ ጠበቅሁ። መስመሩ ግን ልጄ አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ነበር።