የታጠፉ ካርዶች

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ግድግዳ ላይ አርባ አንድ ምስማር ተመትቷል። በየምስማሩ አንድ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ቁልፎቹ ከቤት መውጣት ያቃታቸው፣ ጧሪም ጠያቂም የሌላቸው አዛውንቶች የሰጧቸው ትርፍ ቁልፎች ናቸው። ይህን ሰሌዳ የምትጠብቀውን ሴትዮ የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ እትዬ ቁልፍ ይላታል። ቅር አይላትም። "ከዚህ የባሰም ልትሉኝ ትችሉ ነበር" ትላለች።

አዛውንቶቹን የሚጠይቀውን ማኅበር ያቋቋመችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ነው። እንዴት እንደሞተ ሲጠይቋት "በድንገት" ብላ ወሬ ትቀይራለች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከአምስት በጎ ፈቃደኞችና ከአንድ ሹፌር ጋር የሰው በር ስታንኳኳ ኖራለች። ምርኩዝ ታውሳለች፣ መድኃኒት ታደርሳለች፣ ከሁሉ በላይ ግን ገብታ "እንዴት አደሩ?" ትላለች።

ሥራው የሚሠራው በካርድ ነው። ለእያንዳንዱ አዛውንት አንድ ካርድ አለ፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሕመም፣ ስልክ ካለም ስልክ ተጽፎበታል። የአንዳንዱ ካርድ የላይኛው ጥግ ታጥፏል። ካርዱ የታጠፈ ሰው በስልክ አይጠየቅም። ተሄዶ፣ ተገብቶ፣ ፊቱ ታይቶ ነው። እነዚህ ቤቱ ቢቃጠልባቸው እንኳ በስልክ "ደህና ነኝ" የሚሉ ሰዎች ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ይህን የለመዱት እያዩ ነው እንጂ የትም ተጽፎ፣ ወይም እሷ አስቀምጣ አስረድታቸው አይደለም።

ኮሌጁ በየዓመቱ አንድ የቢዝነስ ተማሪ ለሁለት ወር ልምምድ ይልክላታል። አንዱ ሁለቱንም ወር የማኅበሩን ዓርማ ሲነድፍ ጨረሰ። ቁልፍ ነው ቢልም፣ ሹፌሩ "ማንኪያ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ሌላዋ አዛውንቶቹን "ደንበኞቻችን" እያለች በመጠይቅ ስታሰለቻቸው ከረመች። እትዬ ቁልፍ ሁሉንም ተቀብላ፣ ፎርማቸውን ሞልታ፣ በሰላም ትሸኛለች።

የዘንድሮዋ ግን ሥራ የምታውቅ ልጅ ነበረች። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ከሁሉ ቀድማ ቢሮ የምትገባ። በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ዘመን አልዘጋም ያለውን መሳቢያ ፈታ ገጠመችው። ሹፌሩ ወዲያው "ዳይሬክተሯ" አላት።

"ዳይሬክተሯ፣ ዛሬም ከሥራ አላባረርሽኝም?" ይላታል ጠዋት ጠዋት።

"ገና እያጠናሁዎት ነው ጋሼ።"

ከአርባ አንዱ መካከል ልብስ ሰፊው ይገኙበታል። ሰማንያን ያለፉ፣ ሰው ማስቸገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ጣታቸው መርፌ መያዝ ካቃተው በኋላም የስፌት መኪናቸውን በየጠዋቱ ይወለውላሉ። ቁልፋቸውን የሰጧት ቀን እጇን ይዘው አንድ ነገር ለመኗት።

"መሞቱንስ እሞታለሁ። ብቻ በሩ ተዘግቶብኝ፣ ሰው ሳያየኝ አይሁን። ቃል ግቢልኝ።"

"ቁልፍዎ እኔ ጋ አይደል እንዴ?" አለቻቸው።

"እሱማ አንቺ ጋ ነው።"

"እንግዲያው ቃሌ ነው።"

የዚያኑ ዕለት ቢሮ ገብታ የካርዳቸውን ጥግ አጠፈች።

ልጅቱ አንድ ወር እንደሠራች የእትዬ ቁልፍ እኅት ሌላ ከተማ ሆስፒታል ገብታ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ሻንጣዋን ስትዘጋ ልጅቱ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር አስቤ ነበር። ስልክ ያላቸውን ሰኞና ሐሙስ እኔ እየደወልኩ ብጠይቃቸው፣ በጎ ፈቃደኞቹ ስልክ ወደሌላቸው በየቀኑ ሊደርሱ ይችላሉ። ዓይነ ስውሯ እናት እኮ በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው ሰው የሚገባላቸው።"

እትዬ ቁልፍ ዚፑ አልዘጋ ብሏት ትታገል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። "አድርጊው። ብቻ ካርዱን እያየሽ ይሁን" አለቻት።

ከዚህ በላይ መናገር ነበረባት። ጥጉ ለምን እንደሚታጠፍ መንገር ነበረባት። ያን ለመንገር ግን ባሏ የሞተበትን ቀን ማንሳት ሊኖርባት ነው። አውቶቡሱም ሊሄድባት ነው። ሻንጣውን በመቀነት ጠፍራ ወጣች።

ልጅቱ እሑድን ሳታርፍ ካርዶቹን አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠች። ብዙዎቹ ጥጋቸው ተጣጥፎ፣ በእጅ ብዛት የተጎሳቆሉ መሰሏት። እያቃናች በትልልቆቹ መዝገቦች ሥር አስተኛቻቸው። ሰኞ ለሁሉም አዲስ የተተየበ ዝርዝር አደለች። ሹፌሩ የልብስ ሰፊውን ስም "በስልክ" ከሚለው ሥር አይቶ ትንሽ ቆም አለ። እትዬ ቁልፍ ያዘዘችው መስሎት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሳምንቱ እንዳሰበችው ሄደ። ዓይነ ስውሯ እናት በየቀኑ ሰው ገባላቸው። ልብስ ሰፊውም ሰኞ ሲደወልላቸው ደህና ነኝ አሉ፤ ሐሙስም ደህና ነኝ አሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ግን ስልኩ ሦስት ጊዜ ጠርቶ አልተነሣም። ልጅቱ ለአራተኛ ጊዜ አልደወለችም። ቁልፉን ከምስማሩ ነጥቃ ወደ መኪናው ሮጠች።

ልብስ ሰፊው በስፌት መኪናቸውና በአልጋቸው መካከል ወለሉ ላይ ነበሩ። ስልኩ ጎናቸው ወድቋል። ሹፌሩ ጃኬቱን አውልቆ ከነፊታቸው አለበሳቸው። ግድግዳው ላይ በየቀኑ የሚገነጠል የቀን መቁጠሪያ ነበር። እሳቸው በየጠዋቱ ተነሥተው አንድ ቅጠል ይገነጥላሉ። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ላይ ቆሟል።

እትዬ ቁልፍ በስልክ ተነግሯት ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ ቢሮ ስትገባ ሹፌሩ በር ላይ ነበር። የዛሬው ፊቱ ቀልድ የሚያውቅ ሰው ፊት አይደለም።

"እርስዎ ያዘዙት መስሎኝ ነው" አላት። "አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተውኩት።"

"አውቃለሁ" አለችው። ትከሻውን ነካ አድርጋው አለፈች።

ልጅቱ መብራት ሳታበራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ የኮሌጁ የምዘና ፎርም አለ። የዓመቱ ምረቃዋ በዚያች አንዲት ፎርም ላይ የተንጠለጠለ ነው።

"'ወድቃለች' ብለው ይሙሉልኝ" አለች። "ሐሙስ ሲያናግሩኝ ወለሉ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ነው የወደቁት። እኔ ደግሞ 'ደህና' ብዬ ጻፍኩ።"

"ምን ነበር ያሉሽ? ቃሉን ንገሪኝ።"

"ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር። 'ደህና ነዎት?' ስላቸው፣ 'ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ' አሉኝ።"

እትዬ ቁልፍ ሻንጣዋን አስቀመጠች። ወንበር ሳበች፤ ግን ለመቀመጥ ጊዜ ወሰደባት።

"ባሌም እንደዚህ ነው ያለኝ" አለች። "ከሥራ ቦታ ደወልኩለት። ጠዋት ስወጣ ፊቱ አላማረኝም ነበር። 'ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ' አለኝ። እኔም ሥራዬን ሠራሁ። ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ስልኩ እጁ ውስጥ ነበር። ካርድ ማጠፍ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።"

ልጅቱ ካርዶቹ የተኙበትን መዝገብ አየች። ከዚያ ወደ እሷ ዞረች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከማተሚያ ቤቱ የኅትመት መኪናው ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማል።

እትዬ ቁልፍ መነጽሯን አድርጋ ፎርሙን ሳበች። ሰዓት ማክበር፣ ትጋት፣ የሥራ ፈጠራ፣ ሁሉንም የሚገባውን ሰጠች። ከታች "ተማሪዋ ያሳየችው ጉድለት" የሚል ሰፊ ቦታ ነበር። እዚያ ላይ፣ "የካርዱ ጥግ ለምን እንደሚታጠፍ እኔ አልነገርኳትም። ለሟቹ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም" ብላ ጻፈች።

ልጅቱ አነበበችው። "ይሄ እኮ የኔ ጉድለት የሚጻፍበት ነው።"

"የኔን የምጽፍበት ሌላ ቦታ አልሰጡኝም።"

ፈረመችና ማኅተሙን መታች።

ልብስ ሰፊው የተቀበሩ ቀን አስከሬናቸውን የተከተለው ሰው አሥር አይሞላም ነበር። ልጅቱ ከኋላ ሆና መጣች። በማግስቱ አከራያቸው ቁልፉን ሊወስድ ሰው ላከ። እትዬ ቁልፍ አስረከበች። ምስማሩ ባዶውን ቀረ፤ ሹፌሩ ሊነቅለው ቢነሣ ተወው አለችው።

ልጅቱ ልምምዷ ገና አላለቀም። ሁለቱ ካርዶቹን ከመዝገቡ ሥር አውጥተው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ወረቀት ቢቃናም የታጠፈበት መስመር አይጠፋም። እያንዳንዱን ብርሃን ላይ እያዩ መስመር ያለበትን መልሰው አጠፉ። የልብስ ሰፊው ካርድ ሲደርስ እትዬ ቁልፍ ተቀብላ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ አስገባችው። አንዷ ካርድ ላይ መስመሩ መኖር አለመኖሩ አልለይ አለ።

"ይቺስ?"

"እጠፊያት።"

ከዚያ ቁልፎቹን ይዘው ወጡ። መጀመሪያ የሄዱት ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ነርስ ጋ ነበር። የእትዬ ቁልፍ ጉልበት ደረጃ አይወድም። እሷ መሐል ላይ መደገፊያውን ይዛ ስታርፍ፣ ልጅቱ ቀድማ ደርሳ ስታንኳኳ ሰማች።

"ማነው?" አሉ ከውስጥ።

"ከማኅበሩ ነኝ እማማ።"

"ደህና ነኝ ልጄ፣ አትድከሚ።"

እትዬ ቁልፍ ትንፋሿን ያዘች። ከላይ የልጅቱ እግር ወደ ታች ሲመለስ አልሰማችም።

"አውቃለሁ" አለች ልጅቱ። "ቢሆንም ይክፈቱልኝ፤ ካልቻሉ ቁልፉን ይዣለሁ።"