ጠመኔ ያልነካው ዱላ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ የሠራውን ግን ለዓመታት ፑል ቤት በላበት። መቀሱን አስይዞ የተጫወተ ሰው ነው። ኮቱን ተበልቶ በዝናብ በሸሚዝ የገባበትን ቀን ሚስቱም እኔም አንረሳውም።

በኋላ አንድ ውድድር አሸንፎ የፑል ዱላ ተሸለመ፤ ለሁለት የሚፈታ፣ ከነማህደሩ። የዚያኑ ዕለት ቁማሩን ምሎ ተወ፤ ዱላውንም ለሚስቱ ሰጣት።

«ዋጋው አለመነካቱ ነው» አላት። «ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ኳስ ሊመቱ ሲሉ የሚቀቡትን ጠመኔ አንዴ ከቀመሰች፣ አንድ ጨዋታ ይሁን መቶ፣ ገዢ ግማሹን ነው የሚሰጥሽ። ለክፉ ቀን አስቀምጪው።»

ክፉ ቀን መምጣቱ አልቀረም። የሚስቱ ዓይን ይደክም ጀመር። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋት፣ ቀጥሎ የኔ ፊት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ከዘገየ ተስፋ እንደሌለው ነገራት። ዱላው ሳይነካ ከተሸጠ ለሕክምናው ይበቃል፤ ሌላ የሚሸጥ ነገር የላቸውም።

ገዢ ሲፈለግ ወንድሜ ያመሽ ጀመር። «ሥራ በዝቶ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ እኔ ራሴ ሱቁ ስሄድ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ነው የማገኘው። እሷ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነባት። ሲገባ የጠመኔ ሽታ ፍለጋ ጣቶቹን ታሸታለች። እኔ የባሌን ጣት እንዲያ ባሸት ኖሮ ገና ድሮ ፈትቼው ነበር! የወንድሜ ጣት የሚሸተው ግን የጨርቅ አቧራ ብቻ ነው። እሷ በማግስቱም ደግማ ታሸታለች። ያ ነው ያስፈራኝ።

ገዢው በአንድ እሑድ መጣ። የፑል ቤት ባለቤት ነው፤ ትሁት ሰውዬ። መነጽሩን ጠርጎ ዱላውን መስኮቱ ጋ ወሰደና አገላበጠው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ወዳጄ፣ ይሄ ተነክቷል» አለ። «ብዙ አይደለም። ግን እጀታው የእጅ ወዝ ይዟል፣ ቆዳውም ሻክሯል። ከግማሽ በላይ አልችልም።»

ሚስቱ ብድግ አለች።

«አውቄዋለሁ! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው! አንተ በወጣህ ቁጥር አውጥቼ እዳብሰዋለሁ፤ ጠመኔ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ በጥፍሬ እፍቀዋለሁ። በየቀኑ ሲሻክር ይታወቀኝ ነበር!»

ገዢው የዱላውን ጫፍ እንደገና አየና አቀረቀረ።

«እቴ፣ ጠመኔ እንኳ አልነካውም» አለ ቀስ ብሎ። «የጥፍር ጭረት ነው።»

እሷ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ወንድሜ እንዲጮህባት ተመኘሁ፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። አልጮኸም። ይልቅ ለዓመታት ያልሰማነውን ድምፅ ሰማን፤ የዱላው ሁለት ግማሾች እየተጠማዘዙ ሲገጣጠሙ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው።

«እንግዲህ ተነክቷል» አላት። ድምፁ ለስላሳ ነበር። «የጎደለውን ግማሽ ዋጋ ላመጣልሽ ነው።»

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ገዢው ባዶውን ማህደር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እግሩን እየጎተተ ወጣ። እሷ ግድግዳውን እየዳበሰች መጥታ ክንዴን ያዘች።

«ኮቱን ለብሷል?» አለችኝ።

«ለብሷል» አልኳት።