ጭቃ እግሮች

ቬርና ስቶዳርድ አርባ ዓመት ሙሉ የካልደርን ሰው ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ካልደር ኢሊኖይ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከወንዙ ማዶ ያለችው ከተማ ሰዎች ግን ነዋሪዎቿን «ጭቃ እግሮች» ነው የሚሏቸው። ቬርናም በልጅነቷ ማዶ አክስቷ ቤት ስትሄድ «ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ!» እየተባለች ስላደገች፣ ስሙን በሰማች ቁጥር እስከ ጆሮዋ ትቀላለች።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ከንቲባው አዲስ መፈክር አመጡ፤ «ካልደር፣ የነገዋ ከተማ!» የሚል። መግቢያው ላይ በትልቅ ሰሌዳ ሊጻፍ፣ አሮጌው ቅጽል ስም ደግሞ፣ ድሮ በቀልድ ከተሰየመበት ከከተማው በዓል ላይ ሊፋቅ ነው። ቬርና ደስ ሊላት ሲገባ አንድ ነገር ከነከናት። ዕድሜዋን ሙሉ ያፈረችበት ስም ከየት እንደመጣ አታውቅም።

ከካልደር ሰው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ አሞስ ፕሩዊት የሚባሉ የዘጠና ሦስት ዓመት አዛውንት ነበሩ። መጦሪያ ቤት ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«ሚስተር ፕሩዊት፣ ለምንድን ነው ጭቃ እግሮች የሚሉን?»

«እግራችሁን ስለማትታጠቡ ነዋ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ረጋ አሉ። «ጎርፉ የመጣ ዓመት ባቡሩን ድልድዩ ጋ ውሃ ከበበው። አባቴና ጎረቤቶቹ ጭቃ ውስጥ ገብተው መንገደኛውን እያዘሉ አወጡት። ማዶ ቤተ ክርስቲያን ተሸክመው ሲያስገቧቸው በእግራቸው ጭቃ ምንጣፉን አበላሹት። ስሙ ያን ቀን ወጣ።»

«እውነት ነው?»

«አባቴ ነው የነገረኝ። እሱ ደግሞ ስላጠመደው ዓሣም ይዋሽ ነበር።»

ቬርና አሥራ አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ተቀምጣ ቢጫ የሆኑ ጋዜጦችን አገላበጠች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የዚያ ባቡር አንዲት መንገደኛ ለጋዜጣው የጻፈችውን ደብዳቤ አገኘች። «ሕፃኔን በትከሻው ተሸክሞ ያወጣልኝን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። እነዚያን ጭቃ እግሮች እግዜር ይባርክልኝ» ይላል። ቬርና እዚያው ወንበሯ ላይ አለቀሰች።

ስሙ እንዳይፋቅ ብላ ደብዳቤውን ምክር ቤቱ ፊት አነበበችው። ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልብ ይነካል፤ ግን ጭቃ ፋብሪካ አያመጣልንም» አሉ። በድምፅ አራት ለሦስት ተሸነፈች። ሰሌዳው ተተከለ።

የከተማው ጋዜጣ ግን ደብዳቤውን እንደገና አትሞት ስለነበር ወሬው ቤት ለቤት ገባ። በበረዶው ወራት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ የማዶ ደጋፊዎች «ጭቃ እግሮች!» ብለው ሲጮኹ፣ የካልደር ልጆች ብድግ ብለው ስሙን ከእነሱ አብልጠው ጮኹ። ተሳዳቢዎቹ ግራ ገባቸው፤ ሰው የኮራበትን ስድብ ምን ያደርጉታል? ቬርናም ካፖርቷን ወንበር ላይ ጥላ አብራ ጮኸች።

ስትወጣ አንዲት የማዶ ሴት በር ላይ ጠበቀቻት።

«እኛንስ ‹ሽንኩርት ሌቦች› የሚሉን ለምን ይመስልሻል?» አለች እያፈረች።

«እኔ እንጃ» አለች ቬርና ቦርሳዋ ውስጥ እርሳስ እየፈለገች። «በይ አድራሻሽን ንገሪኝ። ሐሙስ እመጣለሁ።»